ጉበት ሲታመም የመድኃኒት መጠንም ይለወጣል

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚተመው ምእመን ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣውም፣ ከአምባሰል ገጠር በእግሩ የገባውም የመጨረሻውን አቀበት ወደ አምባው ሲወጣ ድካሙ አንድ ነው። ጉልበት ይዝላል፣ ራስ ይወጋል፣ የመኪና ጉዞ ያልለመደው ያስመልሰዋል፣ ሌሊቱም ብርድ ነው። ስለዚህ ከስንቁ ጋር የመድኃኒት ፌስታል የሚይዘው ሰው ጥቂት አይደለም። በፌስታሉ ውስጥ የሚገኘውም ይታወቃል፤ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ለማስመለስ የሚወሰድ ክኒን፣ አንዳንዴም እንቅልፍ የሚያመጣ።

ለጤነኛ ሰው ይህ ስንቅ በመጠኑ ከተወሰደ ብዙም አያሳስብም። ነገር ግን ከተጓዦቹ መካከል ፈውስ ፍለጋ የሚሄዱ ሕሙማን አሉ። ሆዳቸው ውኃ የቋጠረ፣ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ፣ «ጉበት ነው» ተብለው ለዓመታት በክትትል ላይ ያሉ። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በእነዚህ ወገኖች ላይ ነው። ምክንያቱም አብሯቸው የሚጓዘው ጎረቤት የዋጠው ክኒንና እነርሱ የዋጡት ክኒን ስሙ አንድ፣ ሚሊ ግራሙም አንድ ቢሆንም በሰውነታቸው ውስጥ የሚሠራው ሥራ እኩል አይደለም።

ጉበት እንደ ኬላ

የምንውጠው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ ቀጥታ ወደ ልብና ወደ አንጎል አይሄድም። በመጀመሪያ «ፖርታል ቬን» በሚባል ትልቅ የደም ሥር በኩል ወደ ጉበት ይገባል። ወደ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው በዚሁ የደም ሥር ነው። ጉበት እንግዲህ እንደ ኬላ ነው። የሚያልፈውን ጭነት ይፈትሻል፣ ከፊሉን እዚያው ያስቀራል፣ የተረፈውን ወደ ተቀረው ሰውነት ያሳልፋል።

ፕሮፕራኖሎል የተባለውን መድኃኒት ለምሳሌ እንውሰድ። ለልብና ለደም ግፊት ይታዘዛል፤ ለጉበት ሕሙማን ደግሞ በምግብ ቧንቧቸው ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች እንዳይፈነዱ ይሰጣል። ጤነኛ ሰው ከዋጠው ፕሮፕራኖሎል ውስጥ ኬላውን አልፎ ወደ ደም ዝውውር የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የሚታዘዘው ሚሊ ግራም ጉበት የሚያስቀረውን አስቀድሞ ታሳቢ ያደረገ ነው። ኬላው ሲላላ ግን በሽተኛው የዋጠው አንድ ክኒን ሆኖ ሳለ ሰውነቱ የሚያገኘው የሁለት ክኒን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች ከዝቅተኛ መጠን ጀምረው፣ የልብ ምትና የደም ግፊት እየለኩ ቀስ ብለው የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በሽተኛው «ይህ ትንሽ ነው፣ አይሠራም» ብሎ በራሱ ቢጨምረው የሐኪሙ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል።

ጉበት ኬላ ብቻ አይደለም፣ አስወጋጅም ነው። በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች በደም የሚዘዋወረውን መድኃኒት ዞሮ ሲመጣ እየለዋወጡ በሽንት ወይም በሐሞት በኩል እንዲወጣ ያደርጉታል። የጉበት ሴሎች እየሞቱ በጠባሳ ሲተኩ፣ ሐኪሞች «ሲሮሲስ» ወደሚሉት ደረጃ ሲደርስ፣ ይህ ሥራ ይጓተታል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው ዳያዜፓም በሲሮሲስ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ ከጤነኛው ሰው ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይቆያል። የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል፤ በሦስተኛው ቀን በሽተኛው የሚደነዝዘው ለምን እንደሆነ ቤተሰብ አይገባውም።

አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን የሚሠራውም ጉበት ነው። ብዙ መድኃኒቶች በደም ውስጥ የሚጓዙት በአልቡሚን ላይ ተጣብቀው ነው፤ ሥራ የሚሠራው ግን ያልተጣበቀው፣ ነፃው ክፍል ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኒቶይን ዘጠና በመቶ ያህሉ የተጣበቀ ነው። አልቡሚን ሲያንስ ነፃው ይበዛል፣ በላቦራቶሪ የሚለካው ጠቅላላ መጠን ግን ደህና መስሎ ይታያል።

ሐይቅ አካባቢ ያለው በሽታ

በአገራችን ለከባድ የጉበት ሕመም ከሚዳርጉት ምክንያቶች መካከል ሄፓታይተስ «ቢ» እና «ሲ»፣ አልኮል እንዲሁም ቢልሃርዚያ ይጠቀሳሉ። ስለ ጫትም የሐረር አካባቢ ሕሙማንን መሠረት ያደረገና እ.አ.አ በ2018 የታተመ ጥናት ቃሚዎች ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ወሎም ጫት የሚቃምበት አገር ነውና ጉዳዩ የሐረር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለዚህ ለያዝነው ርዕስ ግን ቢልሃርዚያን ለይተን ብናየው ይጠቅማል። ወደ ግሸን ከሚያመሩ ተጓዦች ብዙዎቹ የሚያልፉባት ሐይቅ ከተማ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚገኝባት መሆኑን በተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.አ.አ በ2015 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። የጥገኛ ተውሳኩ እጭ በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ለመታጠብም ሆነ ለመዋኘት ውኃ ውስጥ የገባን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉ ግን ከደሙ ጋር ወደ ጉበት እየሄደ ይቀረቀራል። (ቀንድ አውጣውን በእንዶድ መግደል እንደሚቻል እ.አ.አ በ1964 በዓድዋ አካባቢ ያስተዋሉት የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ መሆናቸውን ወጣት አንባቢያን ላያውቁ ይችላሉ።)

እንቁላሉ በተቀረቀረበት ቦታ ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ለዓመታት እየበዛ ሲሄድ ደም የሚያልፍበት መንገድ ይጠብባል። ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧ የደም ሥሮችም ይወጠራሉ፣ በስተመጨረሻም ደሙ ጉበትን ትቶ በአቋራጭ መሄድ ይጀምራል። ከደሙ ጋር መድኃኒቱም በአቋራጭ ይሄዳል። ልብ ይበሉ፤ በዚህ በሽታ የጉበት ሴሎች ለረጅም ጊዜ በደህና ሊሠሩ ይችላሉ። ኬላው ላይ ያሉት ፈታሾች ደህና ናቸው፣ መኪናው ግን በሌላ መንገድ እያለፈ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ፣ ሆዱም ያልተነፋ፣ የደም ምርመራውም ብዙ ችግር የማያሳይ ሰው ጠንከር ያለ መድኃኒት ሲወስድ ያልተጠበቀ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። የቢልሃርዚያ ማከሚያ የሆነው ፕራዚኳንቴል እንኳ ጉበታቸውና ጣፊያቸው በተጎዳ ሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ማለት መድኃኒቱ ይቅር ማለት አይደለም። በሽታውን የሚያቆመው እሱ ነው፤ ግን ስለ ጉበታቸው በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ይሰጣል።

«ኤስጂፒቲዬ ደህና ነው»

የኩላሊት ሕመምተኛ ዕድለኛ ነው ማለት ባይቻልም በአንድ ነገር ይሻላል። «ክሬቲኒን» የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ከእሱ ተነስቶ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚያጣራ ይሰላል፣ በዚያ ቁጥር መሠረት መጠኑ ይቀነሳል። ለጉበት እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር የለም።

ብዙ ሰው ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ የሚባሉትን ውጤቶች የጉበት አቅም መለኪያ አድርጎ ያያቸዋል። እነዚህ የሚያሳዩት የጉበት ሴሎች አሁን እየተጎዱ መሆን አለመሆናቸውን እንጂ ምን ያህል ሥራ መሥራት እንደሚችሉ አይደለም። ጉበቱ አብዛኛው ወደ ጠባሳ በተለወጠ ሰው ላይ የሚጎዳ ሴል ራሱ ስለሚያንስ ውጤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዞ መድኃኒት ቤት ሄዶ «ይኸው፣ ጉበቴ ድኗል» ማለት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሞች በተግባር የሚጠቀሙት አምስት ነገሮችን አንድ ላይ የሚያይ መመዘኛ ነው፤ «ቻይልድ ፑ» ይባላል። በደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ፣ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ መኖር አለመኖሩና የአእምሮ ንቃት ይታያሉ። ድምሩ ከ5 እስከ 6 ከሆነ ቀላል፣ ከ7 እስከ 9 መካከለኛ፣ ከ10 እስከ 15 ከባድ ይባላል። ለምሳሌ ለአሜባና ለጃርዲያ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ሜትሮኒዳዞል በከባድ ደረጃ ላይ ላለ ሰው በግማሽ እንዲቀነስ ይመከራል። ከአምስቱ ሁለቱን፣ ማለትም የሆድ ማበጥንና የንቃት መለወጥን፣ ያለ ላቦራቶሪ ቤተሰብም ሊያያቸው ይችላል።

ፌስታሉን እንፍታው

ከላይ ወደጠቀስነው የመንገድ መድኃኒት እንመለስ። ብዙ የጉበት ሕመምተኞች ፓራሲታሞልን ፈርተው በምትኩ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳሉ። ፓራሲታሞል ጉበትን ይጎዳል ሲባል ስለሰሙ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲሮሲስ ላለበት ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያበጡትን የደም ሥሮች ወደ መድማት ሊያመሯቸው፣ ኩላሊትን ሊያደክሙ፣ የሆድ ውኃንም ሊያባብሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል መጠኑ ከተጠበቀ ከእነርሱ የተሻለ ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ስምንት ክኒን ነው። ሲሮሲስ ላለበት ሰው አብዛኞቹ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ክኒን እንዳይበልጥ ነው፤ ያውም ተከፋፍሎ። የሚጠጣ ሰው ወይም ብዙ ቀን እህል ሳይበላ የቆየ ሰው ከዚህም ያነሰ ሊታዘዝለት ይችላል። ምክንያቱም ጉበት ከፓራሲታሞል የሚወጣውን መርዛም ትርፍ የሚያከሽፍበት ንጥረ ነገር በረሃብና በአልኮል ይመናመናል። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ወስዷል።

ከፓራሲታሞል ጠንከር የሚሉት ኮዴይንና ትራማዶል ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ተለውጠው ነው፤ ኮዴይን ወደ ሞርፊን ይለወጣል። እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን የሚነገር አስገራሚ ነገር አለ። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.አ.አ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም ዘረ መል ከመደበኛው በላይ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ኮዴይን በፍጥነት ሞርፊን ይሆናል። በታመመ ጉበት ላይ ደግሞ ለውጡ ሊዘገይ፣ የተለወጠውም ሳይወገድ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ በእኛ አገር የጉበት ሕመምተኛ ላይ የአንድ ኮዴይን ክኒን ውጤት ምን እንደሚሆን ከማሸጊያው አንብቦ ማወቅ አይቻልም። ከጓደኛ ኪስ የሚወጣ ትራማዶል በፍጹም መወሰድ የለበትም።

ለማስመለስና ለመኪና ጉዞ የሚወሰዱት እንቅልፍ አምጪ ክኒኖች፣ እንደ ፕሮሜታዚን ያሉት፣ እንዲሁም ዳያዜፓም ሲሮሲስ ያለበትን ሰው አእምሮ ሊያደነዝዙ ይችላሉ። ባይወሰዱ ይመረጣል።

የሆድ ውኃ መቀነሻ የሆኑት ስፓይሮኖላክቶንና ላሲክስ በጉዞ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸምባቸዋል። አንዱ «መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል» ብሎ መተው ነው። ሌላው ደግሞ ሰውነት ውኃ እያጣ መቀጠል ነው። በተቅማጥ ወይም በማስመለስ ፈሳሽ ያጣ ሰው ክኒኑን ቢቀጥል ኩላሊቱ ሊደክም፣ አእምሮውም ሊዛባ ይችላል። ሁለቱንም ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይቻላል።

የማይቀነሰውና የማይቆመው

ሁሉም መድኃኒት ለጉበት ሕመምተኛ ይቀነሳል የሚል ግንዛቤ እንዳይያዝ። በኩላሊት በኩል የሚወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ኩላሊት ደህና እስከሆነ ድረስ መጠናቸው አይነካም። ለሄፓታይተስ «ቢ» የሚሰጠው ቴኖፎቪር ከእነዚህ አንዱ ነው። የዚህ መድኃኒት አደጋ ሌላ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ይነሳል፣ ጉበትም በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ በከባድ ሁኔታ ሊቃጠል ይችላል። ቀድሞውኑ የደከመ ጉበት ያለው ሰው ከዚህ ላይመለስ ይችላል። ቴኖፎቪር የኤች አይ ቪ መድኃኒትም አካል በመሆኑ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው መድኃኒቱን ሲተው በሁለት በኩል ይጠቃል።

ይህን የምናነሳው በምክንያት ነው። ወደ ጸበል ቦታ የሚሄዱ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስላቸውና ክኒኑን ቤት ጥለው ይሄዳሉ። እ.አ.አ በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለጉበት መድኃኒትም ቢሆን ነገሩ የሚለይበት ምክንያት አይታይም። ክኒኑ በጸበል ቢዋጥ ሥራውን ይሠራል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለሚወስዱ ግን ምክሩ ለየት ይላል። አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊያስቆጡ ይችላሉ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ምግብ አስጠልቶት ደጋግሞ ካስመለሰው ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ወደሚከታተልበት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የትኛው መድኃኒት እንደሚመለስና መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ባለሙያው ነው። በራስ አቁሞ ቤት መቀመጥ ሳንባውንም ጉበቱንም ያጣል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን በብዙ የአገራችን ክፍል «የወፍ በሽታ» ይባላል፣ የሚጠጣ ቅጠልና ሥርም አለው። የባህል ሕክምናን በጅምላ የምንነቅፍ አይደለንም። ሆኖም ያ ቅጠል የሚያልፈውም በዚሁ በታመመው ጉበት በኩል ነው፤ መጠኑም በማሸጊያ ላይ አልተጻፈም። ዕፅዋት ለጉበት ሁልጊዜ ገር አለመሆናቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.አ.አ ከ2001 ጀምሮ በትግራይ ሰሜን ምዕራብ በገጠር ቀበሌዎች ሆድ እያሳበጠ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ ሲመረመር፣ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ዋነኛው ተጠርጣሪ ሆኖ ተገኝቷል።

ሰውየው ሲቀባዥር

የጉበት ሕመምተኛ ሐሳቡ መዘባረቅ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እንቅልፍ መገላበጡ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ከዚያ ስም ይጠፋበታል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርግ ሲጠየቅ እጁ እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ምክንያቱ ጉበት ሊያስወግደው ሲገባ ያልተወገደው ከአንጀት የሚመጣ ቆሻሻ ወደ አንጎል መድረሱ ነው። ቀስቃሾቹም አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ናቸው፤ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ መድማት፣ የውኃ ማነስና እንቅልፍ አምጪ ክኒን። በጸበል ቦታ ላይ እንዲህ ያለው መቀባዠር ሌላ ትርጉም ሊሰጠውና ሰዓታት ሊባክኑ ይችላሉ። አስታማሚው «ትናንት ምን ክኒን ወሰደ? ሰገራ ከወጣ ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይረዳል። ላክቱሎስ የታዘዘለት ሰው በጉዞ ላይ ሊያቋርጠው የማይገባውም ለዚህ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲወጣ ማድረግ የመድኃኒቱ ዓላማ እንጂ ጉዳቱ አይደለም።

ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየትም ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም። የደከመ ጉበት ስንቅ ማከማቸት ስለማይችል ሰውነት በአንድ ሌሊት የራሱን ሥጋ መብላት ይጀምራል። ከመተኛት በፊት ትንሽ እንጀራ ወይም ገንፎ መቅመስ ይጠቅማል። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና የንስሐ አባትን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ለመጓዝ የወሰነ የጉበት ሕመምተኛ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሚከታተለውን ሐኪም ቢያይ መልካም ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ደረጃ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ለሕመምና ለትኩሳት የተፈቀደውን በግማሽ ገጽ ወረቀት ሊጽፍለት ይችላል። መድኃኒት ቤት በገባ ቁጥር፣ ሳይጠየቅም ቢሆን፣ «ጉበቴን ያመኛል» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት አለበት። ደም ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱ አብጦ ትኩሳትና ቁርጠት ከያዘው ወይም ንግግሩ ከተዛባ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ከአምባው ወርዶ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ደሴ መድረስ ሰዓታት ይፈጃልና ምልክቱ እንደታየ መነሳት ያስፈልጋል። ይዘው የሚወርዱትም አስታማሚዎች የመድኃኒቱን ፌስታል ከነባዶ ማሸጊያዎቹ መያዝ አለባቸው፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።